የስለት ልክ እንደ ሥራው ነው

የጤፍ አጨዳ ሲቃረብ አርሶ አደሩ አስቀድሞ ከሚያዘጋጃቸው መሣሪያዎች አንዱ ማጭድ ነው። የዶለዶመ ማጭድ በእጅ የተያዘውን ጤፍ ከመቁረጥ ይልቅ ይጎትተዋል፤ አልፎ አልፎም ከነሥሩ ይነቅለዋል። በዚህ ጊዜ የደረሰው ፍሬ ይረግፋል። ከሥሩ ጋር የተነሣው አፈርም ከነዶው ጋር አውድማ ደርሶ ከእህሉ ጋር ይቀላቀላል።

ይህ ማለት ግን ስለት በቀጠነ ቁጥር ሁልጊዜ ይሻላል ማለት አይደለም። ስለት የሚቆርጠው የእጅን ኃይል በጠባብ መስመር ላይ በማሰባሰብ ነው። መስመሩ እየቀጠነ ሲሄድ መቁረጡ ይቀላል፤ ሆኖም የሚደግፈው ብረት ስለሚሳሳ ቶሎ ይታጠፋል ወይም ይሸረፋል።

በመሆኑም የስለት ልክ የሚወሰነው በሚቆረጠው ነገር ነው። የወጥ ቤት ቢላዋ በእያንዳንዱ ጎን ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ባለው ማዕዘን ቢሳል ለሥጋና ለአትክልት ተስማሚ ይሆናል። እንጨት የሚፈለጥበት መጥረቢያ ግን ከባድ ምት ስለሚያርፍበት በእያንዳንዱ ጎን ከ25 እስከ 30 ዲግሪ የሚደርስ ወፈር ያለ ስለት ያስፈልገዋል። እንደ ቢላዋ ቀጥኖ ከተሳለ የእንጨት ጉጥ ሲያገኘው ሊሸረፍ ይችላል።

የስለትን ሁኔታ ለማወቅ ጣትን በላዩ ማንሸራተት አደገኛ ነው። ስለቱን ወደ ላይ አድርጎ በብርሃን መመልከት ይቻላል፤ የዶለዶመው ቦታ ነጭ መስመር ሆኖ ሲያብረቀርቅ፣ የተሳለው ክፍል ግን አያብረቀርቅም። ከዚያም በሥራው መፈተን ይገባል። ቢላዋ የበሰለ ቲማቲምን ሳይጨፈልቅ ከከፈለ፣ ማጭድ ሳይነቅል ካጨደ፣ መጥረቢያም ሳይነጥር እንጨቱ ውስጥ ከገባ ስለታቸው በቂ ነው። ከዚያ በላይ መሳል ብረቱን ያለጥቅም ይጨርሰዋል።

በኤሌክትሪክ በሚሽከረከር ድንጋይ ሲሳል ደግሞ ሙቀቱን መቆጣጠር ያስፈልጋል። ብረቱ ግሎ ወደ ሰማያዊነት ከተለወጠ ጥንካሬውን ስለሚያጣ፣ ያ ክፍል ቢሳልም ቶሎ ይዶለዱማል። ስለዚህ መሣሪያውን በየመሐሉ ውኃ ውስጥ እየነከሩ ማቀዝቀዝ ተገቢ ነው።

በልኩ የተሳለ መሣሪያ ለደኅንነትም ይበጃል። የዶለዶመ ቢላዋ ተጨማሪ ጉልበት ስለሚጠይቅ ድንገት ተንሸራቶ እጅ ሊቆርጥ ይችላል።