ፀጉርና ቃጫ እንደ ማስረጃ፦ የሚናገሩትና የማይናገሩት

በአርሲ ደጋ፣ በጢቾና በአካባቢዋ የሚኖር ሰው ከልብሱ ላይ የበግ ሱፍ፣ የፈረስ ፀጉር ወይም የሹራብ ክር ብናኝ አያጣም። ሰውም ቢሆን በየቀኑ ከ50 እስከ 100 የሚደርስ የራስ ፀጉር ይረግፍበታል። ሁለት ነገሮች ሲነካኩ አንዱ በሌላው ላይ ምልክቱን ይተዋል የሚለው ሐሳብ የወንጀል ምርመራ ሳይንስ መሠረት ሲሆን፣ በዚህ ሐሳብ ስሙ የሚነሣው እ.ኤ.አ. በ1910 በፈረንሳይ፣ በሊዮን ከተማ የፖሊስ ላቦራቶሪ ያቋቋመው ኤድሞን ሎካር ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ፀጉርና ቃጫ ምን ያህል እንደሚናገሩና የት ላይ ዝም እንደሚሉ ማስረዳት፣ ይህንንም ለሳይንስ ትምህርት እንዴት መጠቀም እንደሚቻል ማመልከት ነው።

፩. የፀጉርና የቃጫ አሠራር

የፀጉር ዘንግ ሦስት ክፍሎች አሉት። ከውጭ እንደ ቤት ክዳን ተነባብረው የተደረደሩ ቅርፊቶች ይገኛሉ፤ ከእነርሱ ሥር አብዛኛውን ቀለም የሚይዘው ኮርቴክስ አለ፤ በመካከል ደግሞ እንደ መቅኒ ሜዱላ ያልፋል። በሰው ፀጉር ላይ ሜዱላው ከዘንጉ ውፍረት ከሲሶ ያነሰ፣ የተቆራረጠ ወይም ጨርሶ የሌለ ሲሆን፣ በብዙ እንስሳት ላይ ግን ከግማሽ ይበልጣል። ስለሆነም የሰውን ፀጉር ከእንስሳ ፀጉር መለየት ለሠለጠነ ዓይን አስቸጋሪ አይደለም።

ጥጥ በማይክሮስኮፕ ሲታይ የተጠማዘዘ ጠፍጣፋ ጥብጣብ ይመስላል። ሱፍ ፀጉር በመሆኑ ቅርፊት አለው። ናይለንና ፖሊስተር ግን ውፍረታቸው እኩል የሆነ ለስላሳ ዘንግ ናቸው። በእሳት ሲፈተኑም ሱፍ የተቃጠለ ፀጉር፣ ጥጥ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፤ ናይለን ቀልጦ እንደ ዶቃ ይጠነክራል። ምክንያቱም ሱፍ ፕሮቲን፣ ጥጥ ሴሉሎስ፣ ናይለን ደግሞ የፋብሪካ ውጤት ስለሆነ ነው።

፪. ከሀገር ውስጥ የተገኘ አብነት

የፀጉር ማስረጃ የሚያገለግለው ለፖሊስ ብቻ አይደለም። የመቀሌ ዩኒቨርሲቲው ግደይ ይርጋና የሥራ ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት፣ በሰሜን ኢትዮጵያ የጅብን ዓይነ ምድር ሰብስበው በውስጡ የቀረውን ፀጉር መርምረዋል። የአህያ ፀጉር ድርሻ ከዐቢይ ጾም በፊት ከመቶ 14.8፣ በጾሙ ወራት 33.1፣ ከፋሲካ በኋላ 22.2 ሆኖ ተገኝቷል። ተመራማሪዎቹ እንዳስረዱት፣ በ55ቱ የጾም ቀናት እርድ ስለሚቀንስ ጅቡ የሚለቅመው የሥጋ ትራፊ አነሰ፤ ስለዚህ ወደ አህያ አዘነበለ። የሕዝብ ልማድ በአውሬ ምግብ ላይ ያደረሰው ለውጥ በፀጉር ተነበበ ማለት ነው።

ይኸው ዘዴ ለአርሲም ይጠቅማል። ቀይ ቀበሮ በአርሲ ተራሮች ከሚኖሩት ብርቅዬ አራዊት አንዱ ነው። በባሌ ተራሮች በዓይነ ምድሩ ላይ የተደረገው ምርመራ ዋና ምግቡ አይጦችና መሰሎቻቸው መሆናቸውን አሳይቷል። በግ የጠፋበት እረኛ ቀበሮውን ከመወንጀሉ በፊት ማስረጃ ቢጠየቅ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ በአንድ አውሬ ዓይነ ምድር የበግ ፀጉር ቢገኝ እንኳ፣ አውሬው በግ መብላቱን እንጂ ራሱ ገድሎ ይሁን ጥንብ አግኝቶ አይናገርም።

፫. የማስረጃው ወሰን

መርማሪዎች የወል ምልክትንና የግል ምልክትን ይለያሉ። የወል ምልክት ነገሩ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ሲያሳይ፣ የግል ምልክት ግን አንዱን ከሌላው ሁሉ ይለያል። በማይክሮስኮፕ የሚታየው የፀጉር መልክ የወል ምልክት ብቻ ነው።

ይህ ልዩነት ሲዘነጋ የሚደርሰው ጉዳት ከባድ ነው። የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ ባደረገው መግለጫ፣ የፀጉር ምስክርነት በተከሳሽ ላይ ከቀረበባቸውና ከተመረመሩት 268 የፍርድ ሂደቶች በ257ቱ ባለሙያዎቹ የተሳሳተ ቃል ሰጥተው ነበር። ከተከሳሾቹ ቢያንስ 35ቱ ሞት የተፈረደባቸው ሲሆኑ፣ 9ኙ ቅጣቱ አስቀድሞ ተፈጽሞባቸው ነበር። ይህ ሁሉም ንጹሐን ነበሩ ማለት አይደለም፤ ምስክሮቹ ማስረጃው ከሚፈቅደው በላይ ተናገሩ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመ ሌላ ጥናትም፣ በማይክሮስኮፕ ይመሳሰላሉ ከተባሉት 80 ፀጉሮች 9ኙ በዲ.ኤን.ኤ. ምርመራ ከሌላ ሰው የመጡ ሆነው ተገኝተዋል።

ዲ.ኤን.ኤ.ም ቢሆን ወሰን አለው። ሥር ካለው ፀጉር የባለቤቱን መለያ ማግኘት ይቻላል። ከዘንጉ ብቻ በአብዛኛው የሚገኘው የማይቶኮንድሪያ ዲ.ኤን.ኤ. ግን ከእናት የሚወረስ በመሆኑ፣ ወንድምን ከወንድም አይለይም።

፬. በክፍል ውስጥ

ለዚህ ትምህርት አዲስ የትምህርት ዓይነት ማቋቋም አያስፈልግም፤ በባዮሎጂና በኬሚስትሪ ክፍለ ጊዜ ሊሰጥ ይችላል። መምህሩ የበግ፣ የፍየል፣ የፈረስና የአህያ ፀጉር፣ ጥጥና የሹራብ ክር በየወረቀት ጠቅልሎ ስማቸውን ይጽፋል፤ ስሙ የተደበቀ አንድ ናሙናም ይጨምራል። በመስተዋት ላይ ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም ቀብቶ ፀጉሩን ቢያሳርፍበትና ሲደርቅ ቢያነሣው፣ የቅርፊቶቹ አሻራ ይቀርና በማይክሮስኮፕ ይታያል። ማይክሮስኮፕ በሌለበት ትምህርት ቤት በእጅ አጉሊ መነጽር ቀለምን፣ ውፍረትንና ጥቅልልነትን ማነጻጸር ይቻላል። የእሳት ፈተናውን መምህሩ ራሱ ያከናውን። ዓይነ ምድር በሽታ ስለሚያስተላልፍ ተማሪዎች ሊነኩት አይገባም። መልመጃውም በክፍል ውስጥ የጠፋ ዕቃ ወሳጅን ለመፈለግ ፈጽሞ አይዋል።

ተማሪው ስለ ተደበቀው ናሙና የሚሰጠው መልስ ከሦስቱ አንዱ ይሁን፦ «ከዚህ ሊመጣ አይችልም»፣ «ከዚህ ሊመጣ ይችላል»፣ «ለመለየት አልተቻለም»። ምክንያቱንም በጽሑፍ ያስረዳ። «ከዚህኛው በግ ነው» የሚል መልስ ግን ምንም ያህል እርግጠኛ ቢሆን ነጥብ አያሰጠው። «ነው» እና «ሊሆን ይችላል» በሚሉት ቃላት መካከል ያለውን ርቀት በዚህ ዕድሜው የለመደ ተማሪ፣ ነገ ምስክር ወይም ዳኛ ቢሆን በሰው ሕይወት ላይ ቸኩሎ አይናገርም።