የሊኑክስ ኮምፒዩተር ሲያስቸግር

ገላጭ ድርሰት አንድ ነገር ምን እንደ ሆነ፣ እንዴት እንደሚሠራ ወይም በምን ምክንያት እንደ ተከሠተ ለማያውቅ ሰው የሚያስረዳ የጽሑፍ ዓይነት ነው። ተራኪ ድርሰት «ከዚያስ ምን ሆነ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ሲሰጥ፣ ገላጭ ድርሰት «እንዴት?» እና «ስለ ምን?» ለሚሉት ይመልሳል። የዚህ ዓይነቱ ጽሑፍ ጥቅም ጎልቶ ከሚታይባቸው ሥራዎች አንዱ የተበላሸ ነገርን መጠገን ነው። ከዚህ ቀጥሎ የቀረበው ጽሑፍ በቤት ውስጥ የሚሠራበት የሊኑክስ ኮምፒዩተር ሲያስቸግር ምክንያቱ እንዴት እንደሚፈለግ ያስረዳል። ስታነቡ ምልክትና ምክንያት እንዴት እንደ ተለያዩ ልብ በሉ።

ሀ. ሊኑክስ ምንድን ነው?

ኮምፒዩተር ያለ መሪ ፕሮግራም ሥራ አይሠራም። ኪቦርዱን፣ ስክሪኑን፣ ዲስኩንና ሌሎቹን ክፍሎች እያስተባበረ የሚመራው ፕሮግራም ሥርዓተ ክወና ይባላል። ሊኑክስም ከእነዚህ አንዱ ነው። መሠረቱን የጣለው ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሲሆን፣ ሥራውን ለሌሎች ያስታወቀው በ1991 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ ወዲህ በልዩ ልዩ አገሮች የሚኖሩ ባለሙያዎች ተባብረው አሳድገውታል። ማንም ሰው ያለ ክፍያ ሊወስደው፣ ሊመረምረውና ለሌላው ሊያካፍለው ይችላል። ለተጠቃሚው የሚደርሰው ዴቢያን፣ ኡቡንቱ፣ ሊኑክስ ሚንት በመሳሰሉት ስሞች ተዘጋጅቶ ነው።

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ተከታዩን ዊንዶውስ 11ን ለመቀበል የማይበቁ፣ ነገር ግን ገና ብዙ ሊያገለግሉ የሚችሉ ኮምፒዩተሮች አሉ። ለእንዲህ ያሉት ኮምፒዩተሮች ሊኑክስ ጥሩ አማራጭ ነው።

ይሁን እንጂ ሊኑክስም እንደ ማንኛውም ሥርዓት ያስቸግራል። ችግር በደረሰ ጊዜ ብዙውን ጊዜ የሚሰማው ፍርድ «ፎርማት ይደረግ» የሚል ነው። ፎርማት ማድረግ ማለት ዲስኩን እንደ አዲስ አዘጋጅቶ ሥርዓቱን ዳግመኛ መጫን ነው። ይህ ኮምፒዩተሩን ሊያስነሣው ይችላል፤ ነገር ግን የተማሪውን የጥናት ጽሑፍ፣ የነጋዴውን ሒሳብ፣ የቤተሰቡን ፎቶግራፍ አብሮ ይደመስሳል። ማሽን ቢበላሽ በሌላ ይተካል፤ በሕይወት የሌሉ አያት የተቀረጸ ድምፅ ግን በምንም አይተካም። ስለዚህ ከፍርድ በፊት ምርመራ ሊቀድም ይገባል።

ለ. ምልክትና ምክንያት

ራስ ምታት የበሽታ ምልክት እንጂ በሽታው ራሱ እንዳልሆነ ሁሉ፣ በስክሪን ላይ የሚታየው ችግርም የሌላ ነገር ምልክት ሊሆን ይችላል። ለምሳሌ ያህል፣ አንድ ሰው «ኢንተርኔቱ ተበላሸ፤ ድረ ገጾች ሁሉ አደገኛ ናቸው እያለ ይከለክለኛል» ይላል። ምልክቱ በእርግጥ በኢንተርኔት ላይ ታይቷል። ምክንያቱ ግን በአንዲት ትንሽ ባትሪ ላይ ሊሆን ይችላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድረ ገጽ ሲከፈት ማንነቱን የሚያረጋግጥ የምስክር ወረቀት ይልካል። በምስክር ወረቀቱም ላይ የሚጸናበት የመጀመሪያና የመጨረሻ ቀን ተመልክቷል። ኮምፒዩተሩ ይህን ከራሱ ሰዓት ጋር ያስተያያል። ኮምፒዩተሩ ሲጠፋ ሰዓቱ እንዳይቆም የሚያደርገው በማዘርቦርዱ ላይ የተቀመጠ፣ ሳንቲም የሚመስል ባለ 3 ቮልት ባትሪ ነው። ይህ ባትሪ ሲደክም፣ ኤሌክትሪክ በተቋረጠ ቁጥር ቀኑ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል። ሰዓቱን ከኢንተርኔት እየወሰደ በራሱ እንዲያስተካክል ካልታዘዘ ደግሞ እንደ ተሳሳተ ይቀራል። በዚህ ጊዜ ለኮምፒዩተሩ የምስክር ወረቀቱ ሁሉ ዘመኑ ገና ያልደረሰ ይመስለዋል፤ ስለዚህም ይከለክላል። መፍትሔው ቀኑን ማስተካከልና ባትሪውን መለወጥ ነው። ይህን ሳያጣሩ ፎርማት ቢያደርጉት ኖሮ ፋይሉ ይጠፋል፤ ችግሩም በነጋታው ይመለሳል።

ሐ. የሦስት ሰዓትና የስድስት ሰዓት ልዩነት

በአገራችን የሰዓት ነገር ሌላም ግራ መጋባት ያስከትላል። እኛ ጧት 1 ሰዓት የምንለውን ኮምፒዩተሩ 7 ሰዓት ብሎ ያሳያል። ይህ የ6 ሰዓት ልዩነት የአቆጣጠር ልዩነት እንጂ ብልሽት አይደለም፤ ስለዚህ ሊነካ አይገባም። ልዩነቱ 3 ሰዓት ሲሆን ግን ምክንያቱ ሌላ ነው። በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ሊኑክስና ዊንዶውስ አብረው ሲጫኑ፣ ሊኑክስ የማዘርቦርዱን ሰዓት እንደ ዓለም አቀፍ ሰዓት፣ ዊንዶውስ ግን እንደ አገር ሰዓት ይቈጥረዋል። የኢትዮጵያ ሰዓት ከዓለም አቀፉ በ3 ሰዓት ስለሚቀድም፣ ተጠቃሚው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዛወር ሰዓቱ በ3 ይዛነፋል። መፍትሔውም ሁለቱ በአንድ ልማድ እንዲስማሙ ማድረግ ነው። እንግዲህ «ሰዓቱ ተሳስቷል» ማለት ብቻውን አይበቃም፤ «በስንት ሰዓት?» የሚለው ሲመለስ ምክንያቱ ወዲያው ይታወቃል።

መ. የፊደል ችግር

የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም አቀፍ የፊደላት ሠንጠረዥ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ መለያ ቁጥር አለው። በአማርኛ ጽሑፍ ላይ የሚደርሱት ችግሮች ሦስት ዓይነት ሲሆኑ፣ መልካቸው ይለያያል።

አንደኛ፣ በፊደል ፈንታ ባዶ ሣጥኖች ከታዩ ጽሑፉ ደኅና ነው፤ የጎደለው የግዕዝ ፎንት ነው። አቢሲኒካ ወይም ኖቶ የተባሉትን ፎንቶች መጫን ይበቃል። ሁለተኛ፣ አማርኛ ይሆናል የተባለው ጽሑፍ የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ሆኖ ከመጣ፣ ጽሑፉ ዩኒኮድ ከመስፋፋቱ በፊት በነበረ የአማርኛ ሶፍትዌር የተዘጋጀ ሊሆን ይችላል። ይህን ለማንበብ የዱሮውን ፎንት ማግኘት ወይም ጽሑፉን ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ያስፈልጋል። ሦስተኛ፣ ጽሑፉ በትክክል ይነበባል፤ ነገር ግን ሲፈለግ አይገኝም።

ይህ ሦስተኛው ለአማርኛ ተማሪ ልዩ ትምህርት አለው። በደቡብ ወሎ፣ በአምባሰል የሚገኘውን አምባ ስም አንዱ «ግሸን»፣ ሌላው «ግሼን» ብሎ ይጽፈዋል። ሰው ሁለቱን አንድ ቦታ መሆናቸውን ያውቃል። ለኮምፒዩተሩ ግን «ሸ» እና «ሼ» የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው። «ግሼን» ተብሎ የተቀመጠውን ፋይል «ግሸን» ብሎ የሚፈልግ ሰው «የለም» የሚል መልስ ያገኛል። «ሥራ» እና «ስራ»፣ «ፀሐይ» እና «ጸሐይ» እንዲሁ ናቸው፤ በሠንጠረዡ ላይ «ሠ» በ1220፣ «ሰ» በ1230 ተመዝግበዋል። ስለዚህ ፋይል ጠፋ ከማለት በፊት በሌላው ፊደል ጽፎ መፈለግ ይገባል። ለፋይሎች ስም ሲወጣም አንድ ዓይነት አጻጻፍ መርጦ በእርሱ መጽናት ይበጃል።

ሠ. ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ

በአብዛኛዎቹ የሊኑክስ ኮምፒዩተሮች የሚሠራበት የፋይል አደረጃጀት በዲስኩ ላይ የሚያደርገውን ለውጥ አስቀድሞ በመዝገብ ያሰፍራል። ኤሌክትሪክ በድንገት ቢቋረጥ፣ ኮምፒዩተሩ ሲነሣ መዝገቡን አይቶ ያልተፈጸመውን ያስተካክላል። ይህ መዝገብ የዲስኩን አደረጃጀት ከመፋለስ ያድናል እንጂ፣ ተጠቃሚው ያላስቀመጠውን ጽሑፍ አይመልስም።

ኤሌክትሪክ የተቋረጠው ፕሮግራሞች በሚዘምኑበት ጊዜ ከሆነ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ሥራው መቋረጡን የሚያስታውቅ መልእክት ይመጣል። በኡቡንቱና በዴቢያን ይህ መልእክት ለማስተካከል የሚጻፈውን ትእዛዝ ቃል በቃል ይዞ ይቀርባል። መፍትሔው በስክሪኑ ላይ ተጽፎ ሳለ፣ ሳያነቡ መስኮቱን በመዝጋት ብቻ የሚቸገሩ ብዙዎች ናቸው። ሌላ ጊዜ መልእክቱ ሌላ ፕሮግራም በማዘመን ላይ መሆኑን ይገልጻል። በዚህ ጊዜ የሚያስፈልገው ትዕግሥት ነው፤ ጥቂት ደቂቃ ቢጠብቁ ሥራው አልቆ መንገዱ ይከፈታል። የስሕተት መልእክት ሲመጣ ሙሉውን ማንበብና በወረቀት መገልበጥ ወይም በስልክ ፎቶግራፍ ማንሣት ከሁሉ ይቅደም።

ረ. ሌሎች የታወቁ ችግሮች

1. ዋይፋይ አልታይ ሲል፦ በመጀመሪያ በኪቦርዱ ላይ ያለው የዋይፋይ ማጥፊያ እንዳልተነካ ይታይ። እርሱ ደኅና ከሆነ ለመሣሪያው የሚስማማ ድራይቨር ጎድሎ ይሆናል። ድራይቨሩን ለማውረድ ኢንተርኔት ስለሚያስፈልግ፣ ስልክን በዩኤስቢ ገመድ አያይዞ የስልኩን ኢንተርኔት መጠቀም ይቻላል።

2. ድምፅ ሲጠፋ፦ ድምፁ ወደ ሌላ መውጫ፣ ለምሳሌ ወደ ቴሌቪዥን መስመር፣ እየተላከ እንደ ሆነ በድምፅ ማስተካከያው ይመርመር።

3. ከማዘመን በኋላ ስክሪኑ ጠቁሮ ሲቀር፦ ኮምፒዩተሩ ሲነሣ በሚታየው ዝርዝር ውስጥ የቀድሞው ከርነል አለ። እርሱን መርጦ ማስነሣት ይሞከር።

4. የይለፍ ቃሉ ትክክል ሆኖ ሳለ ተመልሶ የይለፍ ቃል ሲጠይቅ፦ አንዱ ምክንያት ዲስኩ ጢም ብሎ መሙላቱ ነው። ኮንትሮል፣ አልትና ኤፍ 3 የተባሉትን ቁልፎች አንድ ላይ በመጫን በጽሑፍ ብቻ ወደሚሠራው ገጽ ገብቶ የማያስፈልገውን ማስወገድ ይቻላል።

5. ኮምፒዩተሩ ጨርሶ አልነሣ ሲል፦ ሊኑክስን ከፍላሽ ላይ፣ በዲስኩ ላይ ምንም ሳይጭኑ ማስነሣት ይቻላል። በዚህ ዘዴ ፋይሎችን ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጦ ካዳኑ በኋላ ወደ ጥገናው መሄድ ይሻላል።

ሰ. የአምባው በር

ግሸን ዙሪያውን በገደል የታጠረ አምባ ነው። በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ለንግሥ የሚወጣው ምእመን እንደ ልቡ ከየአቅጣጫው አይወጣም፤ በበሩ ማለፍ ግዴታው ነው። በሊኑክስም ተራው ተጠቃሚ በራሱ ማኅደር ውስጥ እንደ ወደደ ይሠራል፤ የሥርዓቱን ክፍል መንካት ሲፈልግ ግን በአንድ በር ማለፍ አለበት። ያ በር «ሱዶ» ይባላል፤ ሲያልፉበትም የይለፍ ቃል ይጠይቃል። ጥያቄው «የምታደርገውን ታውቃለህን?» እንደ ማለት ነው። በዚህ በር ካለፉ በኋላ የሚጻፍ ትእዛዝ ሳይጠራጠር ይፈጸማል፤ አንድ ባዶ ቦታ ተጨምሮበት የተጻፈ የመደምሰሻ ትእዛዝ ያልታሰበውን ማኅደር ሊያጠፋ ይችላል። ስለዚህ ትርጉሙን ያልተረዱትን ትእዛዝ ከሌላ ቦታ ገልብጦ መጻፍ ፈጽሞ አይገባም።

ሸ. ችግርን አጥርቶ መጻፍ

ራሳቸው ያልፈቱትን ችግር ለሚያውቅ ሰው ማስረዳት ያስፈልጋል። የሚከተሉትን ሁለት ጽሑፎች አስተያዩ።

የመጀመሪያው፦ «ኮምፒዩተሬ አልሠራ አለ። እባካችሁ ቶሎ እርዱኝ።»

ሁለተኛው፦ «የምጠቀመው ኡቡንቱ 24.04 ነው። ትናንት ማታ ፕሮግራሞችን ሳዘምን ኤሌክትሪክ ተቋረጠ። ዛሬ ጧት ሳስነሣው አርማው ከታየ በኋላ ስክሪኑ ጠቁሮ ቀረ። ከዝርዝሩ የቀድሞውን ከርነል ስመርጥ ግን በደንብ ተነሣ። ከዚያ በኋላ ምንም አልነካሁም።»

የመጀመሪያው ጭንቀትን ይገልጻል፤ አንባቢው ግን ምን ማድረግ እንዳለበት አያውቅም። ሁለተኛው ዕቃው ምን እንደ ሆነ፣ ችግሩ መቼና ከምን በኋላ እንደ ጀመረ፣ ምን እንደ ታየ፣ ምን እንደ ተሞከረና ውጤቱ ምን እንደ ነበረ በቅደም ተከተል ያስረዳል። ምክንያቱን አልገመተም፤ ያየውን ብቻ ጽፏል። እንዲህ ያለው ጽሑፍ የመልሱን እኩሌታ በውስጡ ይዟል።

ሙከራ ሲደረግም አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለወጥ፤ ውጤቱም ይመዝገብ። ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ የለወጠ ሰው ኮምፒዩተሩ ቢድንለት እንኳ መድኃኒቱ የትኛው እንደ ነበረ አያውቅም። ከሁሉም በላይ አስፈላጊ የሆኑ ፋይሎች ገና በደኅናው ጊዜ በሌላ ዲስክ ወይም ፍላሽ ላይ ይገልበጡ። ቅጂ ያለው ሰው «ፎርማት ይደረግ» ቢባል እንኳ አይደነግጥም።

መልመጃ

1. ድረ ገጽ እንዳይከፈት ያደረገው ባትሪ የምክንያት ሰንሰለቱ ምን ይመስላል? ከመጀመሪያው ምክንያት እስከ መጨረሻው ምልክት በቅደም ተከተል ጻፉ።

2. የ6 ሰዓት ልዩነት ብልሽት የማይባለው፣ የ3 ሰዓት ልዩነት ግን መስተካከል የሚያስፈልገው ስለ ምንድን ነው?

3. በሁለት ዓይነት ፊደል ሲጻፉ የምታዩአቸውን አምስት ቃላት ዘርዝሩ። የትኛውን አጻጻፍ እንደምትመርጡና ለምን እንደ መረጣችሁ አስረዱ።

4. «ምልክት»፣ «ምክንያት»፣ «ምርመራ» እና «መፍትሔ» የተባሉትን ቃላት እያስገባችሁ አራት ዓረፍተ ነገሮች ሥሩ።

5. በቤታችሁ የተበላሸ አንድ ዕቃ፣ ራዲዮም ይሁን ምድጃ ወይም ስልክ፣ መርጣችሁ ችግሩን ለጠጋኝ የሚያስረዳ አንድ አንቀጽ ጻፉ። ያያችሁትን ከገመታችሁት ለዩ።