የፍየሏ ቆዳና የባለቤቷ ክንድ

ባቲ፣ ሰኞ ገበያ። ነጋዴው የፍየሏን ጆሮ ገለጥ አድርጎ አየ፣ ብብቷን ዳበሰና «እከክ አለባት» ብሎ ዋጋ ሰበረ። ገመዱን የያዙት እናት ክንዳቸው እስከ ክርናቸው ሽፍ ብሎ ተልጧል። ወደዚያ ዞሮ ያየ የለም። ነገሩ ከዚያ ወዲህ ከራሴ አልወጣ አለኝ።

ለፍየሏ የሚጨነቅላት አላጣችም፤ ቆዳዋ የውጭ ምንዛሪ ነዋ! በውጭ የቆዳ ነጋዴዎች ዘንድ «ባቲ ጀኒዩን» የሚባለው የፍየል ቆዳ ስሙን ያገኘው ከዚህችው ከተማ ነው። ከእከክ ሌላ ቅማልም ቆዳውን ይጎዳል፤ ቅማል የጎዳው ቆዳ ክፋቱ ደግሞ ጥሬውን ሲያዩት ደህና መምሰሉ ነው። ፋብሪካ ገብቶ፣ ኖራ ጠጥቶ፣ ጠጉሩ ሲራገፍ ነው ጤፍ የተበተነበት ይመስል ነጠብጣቡ ብቅ የሚለው። በአማራ፣ በትግራይና በአፋር የርጭት ዘመቻ የተካሄደውም ለዚሁ ነው።

የርጭቱ መድኃኒት ዲያዚኖን ነርቭን የሚመታ ኦርጋኖፎስፌት ነው። ቅማሉን እንጂ እንቁላሉን ስለማይገድል በሁለት ሳምንቱ ይደገማል። እንግሊዞች በዚህ ዓይነት መድኃኒት ብዙ ተነታርከዋል። እስከ 1992 እ.ኤ.አ. በግ መንከር በሕግ ግዴታ ነበር፤ ገበሬዎቹ ከነከራው በኋላ ራስ ምታቱና ድካሙ ሲጥላቸው «የነከራ ጉንፋን» ይሉት ነበር። አሜሪካም ዲያዚኖን ለመኖሪያ ቤት እንዳይሸጥ በ2004 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ከልክላለች።

እዚህስ? እኚያ እናት ይንገሩን፦ «በተቆረጠ ጀሪካን እበጠብጥና በጨርቅ እቀባታለሁ። ጓንት? ጓንት የሐኪም ነው ልጄ! የተረፈችዋን የልጆቹን ራስ አብስባታለሁ፤ ቅማሉ ድራሹ ይጠፋል።»

መድኃኒቱ በቆዳም ይሰርጋል። ላብና ለሃጭ ማዝረብረብ፣ የዓይን ብሌን መጥበብ፣ መንቀጥቀጥ የመመረዝ ምልክት ነው፤ ትንሽ ልጅ ላይ ይበረታል።

የፍየል ቅማል ሰው ላይ አይኖርም። የእከኳ ተባይ ግን የሰው ቆዳ ውስጥ ይገባል፣ ያሳክካል፤ እዚያ መራባት ስለማይችል ፍየሏ ከታከመች በሳምንታት ይለቃል። በ2008 ዓ.ም. ድርቅ የአማራ ክልልን ሕዝብ ያመሰው ከሰው ወደ ሰው የሚዛመተው ሌላው እከክ ነው። አንድ ጥያቄ መጠየቅ ሁለቱን ለመለየት በረዳ ነበር። የጤና ጣቢያ ነርስ ግን እንዲህ አለችኝ፦ «ፍየል አላችሁ ወይ ብለን አንጠይቅም፤ ቅባት ሰጥተን እንሸኛለን።»

የእንስሳት ጤና ኃላፊውን ስለ ሰዎቹ ስጠይቃቸው «እሱ የጤና ጥበቃ ሥራ ነው» አሉ። ስለ ጓንቱ ስጠይቃቸው ስብሰባ ገቡ።

እናት ቅባቱን ሦስት ጊዜ ገዝተዋል። «ሲቀቡት ተግ ይላል፣ ከዚያ ይመለሳል» ይላሉ። «ምን ላድርግ? ጅብ ስለምፈራ ማታ ፍየሎቹን ከልጆቹ ጋር ነው የማሳድራቸው።»