ለተነቀለ ጥርስ ትራማዶል?

መርካቶ ውስጥ ጥርሱን ያስነቀለ ሰው ምክር አይቸግረውም። ጥጥ ነክሶ ከክሊኒኩ ደጅ እንደወጣ፣ አውቶቡስ ተራ ሳይደርስ፣ «ፓራሲታሞል ለራስ ምታት ነው፤ ትራማዶል ዋጥና ተኛ» የሚለው አይጠፋም። ያለ ሐኪም ማዘዣ መሸጥ የሌለበት ይህ መድኃኒት በፍሬ ተቆርጦ የሚገዛበት ጊዜም አለ። ምክሩ የቆመው በሁለት ወሬዎች ላይ ነው። አንዱ ትራማዶል ለጥርስ ሕመም ከኢቡፕሮፌን ይበረታል ይላል፤ ሌላው «ቀላል ስለሆነ አይጎዳም» ይላል። ሁለቱም ስህተት ናቸው። እንዲያውም ትራማዶል ምን እንደሚያደርግባቸው አስቀድሞ ለመገመት ከሚያስቸግርባቸው ሕዝቦች መካከል እኛ ኢትዮጵያውያን ከፊት እንሰለፋለን። ይህ ከታወቀ ወደ 30 ዓመት ሆኖታል። እስካሁን ከቤተ ሙከራና ከመጽሔት ወጥቶ መድኃኒት ቤት መስኮት ድረስ አለመድረሱ ያናድደኛል።

ሕመሙ ከየት እንደሚመጣ በአጭሩ እንለፈው። የጥርሱ ሥር ሲላቀቅ ድዱና የመንጋጋው አጥንት ይቆስላሉ። ከተጎዱት ህዋሳት ሽፋን የሚለቀቀውን ስብ ኮክስ የተባለው ኢንዛይም ወደ ፕሮስታግላንዲን እንዲለወጥ ያደርጋል፤ ፕሮስታግላንዲን ደግሞ አካባቢውን ያስቆጣል፣ ያሳብጣል፣ የነርቮቹን ጫፍ በትንሽ ንክኪ የሚነሣ ያደርገዋል። ኢቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ የሚያግዱት ይህንኑ ኢንዛይም ነው። እንግሊዛዊው ጆን ቬን እ.ኤ.አ. በ1971 አስፕሪን የሚሠራው በዚህ መንገድ መሆኑን አሳይቶ በ1982 ከኖቤል ተሸላሚዎች አንዱ ሆኗል። ትራማዶል፣ ኮዴይንና ሞርፊን ግን ኦፒዮይዶች ናቸው። ዋና ሥራቸው ሕብለ ሰረሰርና አንጎል ውስጥ ነው፤ ቁስሉ ላይ ያለውን ብግነት ትተውት ያልፋሉ።

የመንጋጋ ጥርስ ቀዶ ሕክምና የማስታገሻ መድኃኒቶች ዋና መፈተኛ ሆኖ ለብዙ ዓመታት ስላገለገለ፣ ማስረጃው ሞልቷል። ተመራማሪዎቹ የሚጠይቁት ይህንን ነው፦ ባዶ ክኒን ከወሰዱት ጋር ሲነጻጸር፣ አንድ ተጨማሪ ሰው ሕመሙ ቢያንስ በግማሽ እንዲቀልለት ስንት ሰው መድኃኒቱን መውሰድ አለበት? ቁጥሩ ባነሰ መጠን መድኃኒቱ ይሻላል። 200 ሚሊ ግራም ኢቡፕሮፌን ከ500 ሚሊ ግራም ፓራሲታሞል ጋር ሲሰጥ ቁጥሩ 1.6 ነው። 400 ሚሊ ግራም ኢቡፕሮፌን ብቻውን 2.5 ገደማ ነው። 100 ሚሊ ግራም ትራማዶል ወደ 5 ይጠጋል፤ 60 ሚሊ ግራም ኮዴይን ደግሞ 12 ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ የታተመ የአሜሪካ ጥናት የመጨረሻዋን መንጋጋ ጥርስ በቀዶ ሕክምና ያስወጡ ከ1,800 በላይ ሰዎችን ከሁለት ከፍሎ፣ ለአንዱ ወገን ኢቡፕሮፌንና ፓራሲታሞል፣ ለሌላው ከትራማዶል የሚበረታውን ኦፒዮይድ፣ ሃይድሮኮዶንን፣ ከፓራሲታሞል ጋር ሰጠ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሕመማቸው ያነሰው ኦፒዮይድ ያልወሰዱት ናቸው። የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂዎች የመጀመሪያው ምርጫ ኢቡፕሮፌንና መሰሎቹ፣ ብቻቸውን ወይም ከፓራሲታሞል ጋር፣ እንዲሆኑ መክሯል።

«ለከባድ ሕመም ከባድ ክኒን» የሚለው አስተሳሰብ ሥር የሰደደው የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጣው የሕመም መሰላል ይመስለኛል። መሰላሉ የተሠራው ለካንሰር ሕመም ነው። ለቆሰለ ድድ አልነበረም።

ትልቁ ጉዳይ ሰዓት ነው። ጠዋት 4 ሰዓት ላይ በሊዶኬይን ደንዝዞ የተነቀለለት ሰው፣ ማደንዘዣው 7 ወይም 8 ሰዓት ገደማ ይለቀዋል፤ ሕመሙም የሚበረታው በዚያው ቀን ነው። ስለዚህ ገና ሳያመው፣ 6 ሰዓት ላይ፣ 400 ሚሊ ግራም ኢቡፕሮፌንና 500 ሚሊ ግራም ፓራሲታሞል ምግብ በልቶ ይወስዳል፤ ከዚያ ማታ 12 ሰዓት ላይ፣ ከዚያም ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ይደግማል። ለሁለት ሦስት ቀን እንዲህ ይቀጥላል። ፕሮስታግላንዲኑ ከተከማቸ በኋላ መከታተል ከባድ ስለሆነ «ሲያመኝ እወስዳለሁ» ማለት አያዋጣም። የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት በሽታ፣ በአስፕሪን የሚነሣ አስም ያለበት ሰው፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድና ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት ግን ኢቡፕሮፌንን ያለ ሐኪም ምክር መንካት የለባቸውም። በጾም ወይም በረመዳን ሆዱ ባዶ የሚውል ሰውም ለሐኪሙ አስቀድሞ ይንገር። ፓራሲታሞል በቀን ከ4,000 ሚሊ ግራም መብለጥ የለበትም፤ የጉንፋን መድኃኒት ውስጥ ያለውም አብሮ ይቆጠራል።

አሁን ወደ ጉበት እንምጣ፤ ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ እሱ ነው።

ትራማዶልን የጀርመኑ ግሩነንታል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1962 ሠርቶ በ1977 ለገበያ አቀረበው። ክኒኑ ራሱ የኦፒዮይድ ጉልበቱ ደካማ ነው። ጉበት ውስጥ ሲዋይፒ 2ዲ6 የተባለ ኢንዛይም ሲለውጠው ግን ኤም1 የሚባል ሌላ ንጥረ ነገር ይወጣዋል። በእንስሳት ላይ በተደረገ ምርመራ ኤም1 የኦፒዮይድ ተቀባዮች ላይ የሚጣበቅበት ኃይል ከትራማዶሉ 200 እጥፍ ያህል ይበልጣል። ኮዴይንም እንደዚሁ ነው፤ በዚሁ ኢንዛይም ወደ ሞርፊን ካልተለወጠ ማስታገሱ እምብዛም ነው። እንግዲህ እነዚህን መድኃኒቶች የዋጠ ሰው የሚያገኘው መጠን ማሸጊያው ላይ የተጻፈው አይደለም፤ ጉበቱ የሠራለት ነው።

ጉበት የሚሠራው ደግሞ በወረሰው ጂን ልክ ነው። አብዛኛው ሰው ከእናቱ አንድ፣ ከአባቱ አንድ የዚህ ኢንዛይም ጂን ይወርሳል። አንዳንዱ የማይሠራ ጂን ይወርስና ትራማዶል ቢወስድም ሕመሙ አይቀልለትም። አንዳንዱ ደግሞ ጂኑ ተባዝቶ ሦስት፣ አራት፣ ከዚያም በላይ ቅጂ ይኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1993 አንድ የስዊድን ቤተሰብ ውስጥ ጂኑ 12 ጊዜ ተደግሞ ተገኝቷል። አንድ ወፍጮ ያለው መንደርና አራት ወፍጮ ያለው መንደር እኩል እህል ቢሰጣቸው፣ ዱቄቱ የሚደርስበት ሰዓት ይለያያል፤ ቅጂ የበዛለት ሰውም ኤም1ን በፍጥነትና በብዛት ያመርታል። ጎረቤቱን ያስተኛው ክኒን እሱን እስትንፋሱ እስኪዘገይ ሊያደነዝዘው ይችላል።

በስዊድን ካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት የሠሩት ኢትዮጵያዊቷ ተመራማሪ እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1996 የ122 ኢትዮጵያውያንን ጂን መርምረው፣ ከመቶ 29ኙ የተባዛ ቅጂ እንዳላቸው አሳተሙ። በስዊድናውያን ዘንድ ይህ 1 ወይም 2 በመቶ ነው። ቶንሲላቸው የወጣላቸው ሕጻናት ኮዴይን ወስደው መሞታቸው ከተነገረ በኋላ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ባወጣው ማስጠንቀቂያ ላይ ኢትዮጵያውያን በስማቸው ተጠቅሰዋል። መሥሪያ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2017 ኮዴይንም ትራማዶልም ከ12 ዓመት በታች ላሉ ሕጻናት እንዳይሰጡ ከለከለ፤ የሚያጠቡ እናቶችም እንዳይወስዱ አስጠነቀቀ። ዋሽንግተን አቅራቢያ ያለ መሥሪያ ቤት የጻፈልንን ማስጠንቀቂያ አዲስ ከተማ ያለች የምታጠባ እናት አልሰማችውም።

እዚህ ላይ ግን ሥነ መድኃኒት የሚያከራክር ሙያ ስለሆነ መጠንቀቅ አለብኝ። 122 ሰው ከ80 በላይ ብሔረሰብ ያላትን አገር ሙሉ በሙሉ አይወክልም። ጂን መያዝና ኢንዛይሙ በተግባር መሥራቱም አንድ አይደሉም። እነዚሁ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2002 ተመሳሳይ ጂን ያላቸውን ኢትዮጵያውያን ሲያወዳድሩ፣ አገር ቤት የሚኖሩት ላይ ኢንዛይሙ ስዊድን ከሚኖሩት ይልቅ ዝግ ብሎ እንደሚሠራ አገኙ። አካባቢ ወይም አመጋገብ ኢንዛይሙን ይገታዋል ማለት ነው። ጂኑ ለምን እንደበዛብን የቀረበው መላምት፣ በረሃብ ዘመን መርዛማ ዕፅዋትን ለመብላት ያስቻላቸው ሰዎች ተርፈው ነው የሚል ነው፤ ሐሳቡ ደስ ይላል፣ እኔ ግን ገና እንደተረጋገጠ አልቆጥረውም።

ጫቱስ? እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመና ጤነኛ ኢትዮጵያውያን በጎ ፈቃደኞች የተሳተፉበት ጥናት ጫት መቃም ይህንኑ ኢንዛይም እንደሚያዳክም አሳይቷል። «ታዲያ ጫት የቃመ ሰው ከአደጋው ይድናል» የሚል ካለ ተሳስቷል። ያልተለወጠው ትራማዶል ሥራ ፈት አይደለም፤ አንጎል ውስጥ ሴሮቶኒንና ኖርኢፒነፍሪን የተባሉትን መልእክተኞች ከፍ ያደርጋል። ትራማዶል ሰው አንዘፍዝፎ የሚጥልበት አንዱ ምክንያት ይህ ሳይሆን አይቀርም። የሚጥል በሽታ ያለበትና እንደ ፍሉኦክሰቲን ያለ የድባቴ መድኃኒት የሚወስድ ሰው አደጋው ይብስበታል። ከሰዓት በኋላ የቃመና ማታ ለጥርሱ ትራማዶል የዋጠ የመርካቶ ሰው በየትኛው አቅጣጫ እንደሚያዘነብል ማንም መድኃኒት ሻጭ ሊነግረው አይችልም። ስለዚህ ነው «ቀላል ነው» የሚለውን ቃል የምቃወመው። ትራማዶል የወሰደ ሰው ሲጠሩት ካልነቃ፣ አተነፋፈሱ ከዘገየ፣ የዓይኑ ብሌን እንደ መርፌ ቀዳዳ ከጠበበ ቡና ማጠጣት አይረዳውም፤ የኦፒዮይድን ሥራ የሚቀለብሰው ናሎክሶን ወዳለበት ድንገተኛ ክፍል በፍጥነት መወሰድ አለበት።

ይህን ሁሉ ስል ኦፒዮይድ ይጥፋ ማለቴ አይደለም። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ2018 ትራማዶልን በጥብቅ ቁጥጥር ሥር ስታደርግ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች ግን በዚያው ዓመት በዓለም አቀፍ ደረጃ እንዲህ እንዲደረግ አልመከሩም፤ ሌላ ማስታገሻ የማያገኙ የድሃ አገር ሕሙማን እንዳይጎዱ ሰግተው ነው። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የተኛ የካንሰር ሕመምተኛ ሞርፊኑን ያለ ችግር ማግኘት አለበት። ለጥርስም ቢሆን ኢቡፕሮፌን ፈጽሞ የማይስማማው ሰው፣ ሐኪሙ መርምሮት ለአንድ ሁለት ቀን ጥቂት ፍሬ ሊያዝለት ይችላል። ውሳኔው የሐኪም ነው።

ሰዎች ለሁለተኛ ጊዜ ወደ ትራማዶል የሚሮጡት በሦስተኛው ቀን አካባቢ ነው። ቀለል ብሎ የነበረው ሕመም ድንገት ብሶ ወደ ጆሮ ይወጣል፣ አፍም ይሸታል። ብዙ ጊዜ ጉድጓዱ ላይ የረጋው ደም ረግፎ አጥንቱ ተጋልጧል ማለት ነው፤ ሲጋራ ማጨስ ይህን ያባብሳል። እዚህ ላይ ክኒን መጨመር መፍትሔ አይሆንም። ጥርስ ሐኪሙ ጉድጓዱን አጥቦ ዩጂኖል ያለበት መድኃኒት ሲያደርግበት ብዙ ሰው በዚያው ቀን ይቀልለዋል። ዩጂኖል የመርካቶ ቅመም ሻጮች የሚሰፍሩት ቅርንፉድ ዋና ዘይት ነው። ሆኖም ዘይቱን ወይም አስፕሪንን በራስ እጅ ቁስሉ ላይ ማድረግ ድዱን ያቃጥላል። ትኩሳት ከመጣ፣ እብጠቱ ወደ አንገት ከወረደ፣ አፍ መክፈት ወይም መዋጥ ካስቸገረ ግን እስኪነጋ አይጠበቅም፤ በዚያው ሌሊት ሆስፒታል መድረስ ያስፈልጋል።