ያውቁ ኖሯል? አረቄ ስብ አያቃጥልም

ጥሬ ሥጋ ከተበላ በኋላ የሚጠጣ አረቄ ስቡን ያቃጥለዋል ብለው የሚያምኑ ብዙዎች ናቸው። በሰውነታችን ውስጥ የሚሆነው ግን ተቃራኒው ነው። ሰውነት ስብን እንደሚያከማች አልኮልን የሚያኖርበት ጎተራ የለውም፤ ስለዚህ ጉበት ቅድሚያ ሰጥቶ አልኮሉን ወደ አሴቴት ይለውጠዋል። ጡንቻና ሌሎች የአካል ክፍሎችም ያንን አሴቴት ማንደድ ስለሚጀምሩ ስቡ ተራ ይጠብቃል። እርግጥ ነው፣ ወደ ስብ የሚለወጠው የአልኮሉ ክፍል ጥቂት ነው። ችግሩ አብሮት የተበላው ጮማና ቅቤ ሳይነድ መቀመጡ ላይ ነው።

«ለጠጣሁበት እራቴን እተዋለሁ» የሚል ሰው ሒሳቡን ያስተካከለ ይመስለዋል። አንድ ግራም አልኮል 7 ካሎሪ አለው፤ ስኳር 4፣ ስብ 9። የአልኮል መጠኑ 5 በመቶ የሆነ 330 ሚሊ ሊትር ቢራ ከአልኮሉ ብቻ 90 ገደማ ካሎሪ ይሰጣል፤ የብቅሉ ሲጨመር ከዚያም ይበልጣል። ይህ ኃይል ግን ፕሮቲን የማይተካ፣ እንደ ምግብም የማያጠግብ ነው። እንዲያውም መጠጥ የምግብ ፍላጎትን ስለሚቀሰቅስና ራስን መግታትን ስለሚያላላ፣ ያ የተተወው እራት እኩለ ሌሊት ላይ በጥብስ መልክ መመለሱ የተለመደ ነው። አልፎ አልፎ አንድ ብርጭቆ የሚቀምስ ሰው የግድ አይወፍርም፤ ክብደት ለመቀነስ እየታገለ በየሳምንቱ መጨረሻ አራትና አምስት ጠርሙስ የሚጠጣ ግን ድካሙን በገዛ እጁ ያፈርሳል። በየቀኑ አብዝተው የሚጠጡ ከሆነ በድንገት ማቆም አደገኛ ሊሆን ስለሚችል፣ እባክዎ አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ።