ተጨማሪ መረጃ፦ በአንድ ድምፅ የሚያልቁ ረጃጅም ቃላት

«ኢንጂነሪንግ» (ምህንድስና)፣ «አካውንቲንግ» (የሒሳብ አያያዝ)፣ «አንደርስታንዲንግ» (መረዳት፣ መግባባት) እና «ስትሬንግዘኒንግ» (ማጠናከር) የተባሉት የእንግሊዝኛ ቃላት ሁሉም በአይ፣ ኤን እና ጂ ፊደላት ያልቃሉ። መጨረሻቸው ላይ ግን «ን» እና «ግ» ተነጣጥለው አይነገሩም፤ የምላስ የኋላ ክፍል ከላንቃ የኋላ ክፍል ጋር ተጣብቆ አየሩ በአፍንጫ ሲወጣ የሚሰማ አንድ ድምፅ ናቸው። «ስትሬንግዘኒንግ» ውስጥ ይህ ድምፅ ሁለት ጊዜ ይገኛል።

አማርኛ ድምፁን ራሱን አስችሎ አይጠቀምበትም፤ «አንገት» ስንል ከ«ገ» በፊት ይሰማል። በሰቆጣና በዋግ ኽምራ ደጋዎች የሚነገረው ኽምጣና ግን፣ እንደ አገው ዘመዱ አዊኛ፣ ራሱን የቻለ ድምፅ አድርጎ ይዞታል። ስለዚህ አፉን በኽምጣና የፈታ ተማሪ ለዚህ የእንግሊዝኛ ድምፅ እንግዳ አይደለም፤ ይህ ሊከበርለት የሚገባ ሀብት ነው። ሌሎቻችሁ ድምፁን ለማግኘት «አንገት» ማለት ጀምሩና «ገ»ን ሳትጠሩ አቁሙ።