የደን ሳይንስ ድኅረ ምረቃ፦ ዲግሪው የሚመረጠው በየትኛው ጥያቄ ነው?

የደን ሳይንስ ዛፎች በአንድነት እንዴት እንደሚበቅሉና በአዲስ ትውልድ እንደሚተኩ፣ ከአፈር፣ ከውኃ፣ ከእንስሳትና ከሰው ጋርም ምን ዓይነት ግንኙነት እንዳላቸው የሚያጠና የዕውቀት ዘርፍ ሲሆን፣ በመጀመሪያ ዲግሪ የተገኘውን ሰፊ ዕውቀት በአንድ ጥያቄ ላይ አተኩሮ ለመመርመር የሚያስችለው ድኅረ ምረቃ ነው። ስለዚህ አመልካቹ አስቀድሞ መለየት የሚኖርበት፣ ፍላጎቱ ደንን ማስተዳደር ነው ወይስ ስለ ደን ያልታወቀውን ማወቅ የሚለውን ነው።

ይህ ልዩነት በአሜሪካው ዬል ዩኒቨርሲቲ በግልጽ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1900 የተመሠረተው የደን ትምህርት ቤቱ ሁለት ዓይነት የማስተርስ ዲግሪ የሚሰጥ ሲሆን፣ አንደኛው ደን የሚያስተዳድር ባለሙያ ለማፍራት፣ ሁለተኛው ደግሞ የምርምር ሰው ለማሠልጠን የታሰበ ነው። በኢትዮጵያ ግን የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱን ያጣመረ ነው፤ ተማሪው በመጀመሪያው ዓመት ኮርሶችን ወስዶ በሁለተኛው ዓመት የመመረቂያ ጽሑፉን ይሠራል።

በአገሪቱ የዘርፉ አንጋፋ ተቋም በሻሸመኔ አቅራቢያ የሚገኘው የወንዶ ገነት ኮሌጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ተቋቁሞ ዛሬ በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኘው ይህ ኮሌጅ፣ የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርትን ከስዊድን የግብርና ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ሰጥቷል።

የልዩ ሙያ ዘርፎቹ ብዙ ናቸው። ሲልቪካልቸር የደን አተካከልን፣ እንክብካቤንና አቆራረጥን ሲመለከት፣ የደን ልኬት ደግሞ የእያንዳንዱን ዛፍ ውፍረት ከመሬት 1.3 ሜትር ከፍታ ላይ በመለካት የእንጨቱን መጠንና የተከማቸውን ካርቦን ያሰላል። ጥምር ደን እርሻን የሚመርጥ ተማሪ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው የጌዴኦ መልክዓ ምድር፣ ቡናና እንሰት ከትልልቅ ዛፎች ሥር አብረው የሚለሙበትን ሥርዓት በቅርብ ሊያጠና ይችላል። የደን ፖሊሲ ለብዙዎች ደረቅ ቢመስልም ክብደቱ ከሌሎቹ አያንስም፤ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2015 የደንን ትርጉም ስታሻሽል ዝቅተኛውን የዛፍ ቁመት ወደ 2 ሜትር ዝቅ በማድረጓ፣ ቀድሞ ያልተቆጠሩ ጥቅጥቅ ያሉ የቆላ ደኖች ከደን ተቆጥረዋልና።

የሦስተኛ ዲግሪ ምርምር ምን ሊያስገኝ እንደሚችል ከሁሉ ይልቅ የሚያሳየው፣ ዶክተር አለማየሁ ዋሴ እ.ኤ.አ. በ2007 በኔዘርላንድስ ዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ያጠናቀቁት የቤተ ክርስቲያን ደኖች ጥናት ነው። ጥናቱ እንደሚያመለክተው በእነዚህ ደኖች አፈር ውስጥ ተቀብሮ የሚቆየው ዘር በአብዛኛው የሣርና የቅጠላ ቅጠል እንጂ የዛፍ አይደለም፤ በመሆኑም ደኑ አንድ ጊዜ ከተመነጠረ በአፈሩ ውስጥ ካለው ዘር ተመልሶ ይበቅላል ተብሎ ተስፋ ሊጣልበት አይችልም። ከብት የሚገባበት ደንም ችግኝ ለማብቀልና ለማሳደግ እጅግ ይቸገራል። ደብሩን በአጥር ወይም በካብ መከለል ሳይንሳዊ መሠረት ያለው የጥበቃ ሥራ መሆኑ የሚታወቀው እንዲህ ባለው ትዕግሥተኛ ምርመራ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2019 በኔቸር ሰስቴነቢሊቲ መጽሔት የወጣው የዕጣን ዛፍ ጥናት ደግሞ የበለጠ አሳሳቢ ነው። ከተጠኑት የዛፉ መገኛዎች ከሦስት አራተኛ በሚበልጡት ለአሥርተ ዓመታት ወጣት ዛፍ አልተተካም፤ የዕጣን ምርትም በ20 ዓመታት ውስጥ በግማሽ ሊቀንስ እንደሚችል ተገምቷል። ቃጠሎ፣ ልቅ ግጦሽና ቅርፊቱን ያለ ዕረፍት መላጥ ለዚህ ከሚጠቀሱት ምክንያቶች መካከል ናቸው፤ ከእነዚህ የትኛው በየትኛው አካባቢ እንደሚያይል መለየት ደግሞ ለብዙ ተማሪዎች የሚበቃ ሥራ ነው።

ወደ ውጭ የሚሄድ ተማሪ፣ ኮርሱን በውጭ ወስዶ የመስክ ሥራውን በአገሩ የሚሠራበትን፣ ሳንድዊች የሚባለውን የዶክትሬት ሥርዓት ቢመለከት ይጠቀማል። ከማመልከቱ በፊትም የአማካሪውን የቀድሞ ሥራዎች ማንበብ፣ ለመስክ ሥራ የተመደበ ገንዘብ መኖሩን መጠየቅ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ዛፎች በየዓመቱ የሚለኩባቸው ቋሚ የናሙና ቦታዎች መኖራቸውን ማረጋገጥ ይኖርበታል፤ የዛፍ ዕድገት በአንድ ተማሪ የጥናት ዘመን ተለክቶ የማያልቅ በመሆኑ፣ ከእርሱ በፊት የነበሩት መዝግበው የተዉት ልኬት ከሌለ ሊመልሳቸው የሚችላቸው ጥያቄዎች ጥቂት ናቸው።